ሦስታችንም ዝም ያልንበት ታክሲ

ንጋት፣ ቦሌ አራብሳ

ገና በደንብ አልነጋም። ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ቆሜ ጋሽ ደምሴን እጠብቃለሁ። የጥቅምት ብርድ ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል። አንዴ ስልኬን ከኪሴ አወጣለሁ፣ አንዴ መልሼ እከታለሁ። መንገድ በምንሄድበት ቀን ሁሌም እንዲህ ነኝ፤ አንድ ቦታ መቆም አልችልም።

ጋሽ ደምሴ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ሾላ ገበያ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ ያረጁ ሰው። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ግራ ዓይናቸውን ጨርሶ ወስዶታል። የቀራቸው ቀኙ ነው፤ በእሱም ቢሆን የሚያዩት በበር ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ቤታቸው ሾላ በነበረ ጊዜ ሆስፒታሉ በእግር ይደረስ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እሳቸው ወደዚህ ወደ ከተማው ዳር መጡ፣ ሆስፒታሉ ግን እዚያው ቀረ። ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ጠብታ ካለቀ ሰንብቷል። የዛሬው ቀጠሮ ካመለጣቸው ሌላ የሚያገኙት ከወራት በኋላ ነው። ካርድ ክፍሉ ደግሞ ከአራት ሰዓት በኋላ ሰው አይቀበልም።

እኔ ወይንሸት እባላለሁ። የምሠራው ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ ላለው አንድ የጥናትና የፖሊሲ ድርጅት ነው። ሥራዬ አብሮ መሄድ ነው። ከታማሚው ጋር ከቤቱ ተነስቼ ሐኪም ቤት ድረስ እሄዳለሁ፤ በመንገድ ላይ የሆነውን ስልኬ ላይ በድምፅ እቀዳለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የቀጠሩኝ ሰፈሩን ስለማውቀው፣ ሰፈሩም ስለሚያውቀኝ ነው።

ሥራው አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ መርዳት የለም። መንገድ አናሳይም፣ ታክሲ አንጠራም፣ ወረፋ አንይዝም። ሕጉን ያወጣችው የጤና ፍትሐዊነት ፕሮግራሙን የምትመራው ዶክተር ሰብለ ናት። (አንቱ ስላት “እንዳታስረጂኝ” ብላ ስለከለከለችኝ ነው አንቺ የምላት።) አምና የመሥሪያ ቤቱ መኪና ታማሚዎቹን ያደርስ ነበር አሉ። ሁሉም በሰዓታቸው ደረሱ። ሪፖርቱን ያነበቡት ባለሥልጣኖችም “ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?” አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ የወጣው። ዛሬ እሷ ራሷ አብራን ትሄዳለች። ስኒከር ተጫምታ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አድርጋ አጠገቤ ቆማለች።

ጋሽ ደምሴ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወረዱ።

“ጥላዎቼ መጣችሁ?” አሉ። “የሰው ጥላ እንኳ ፀሐይ ጠብቆ ነው የሚወጣው። እናንተ በጨለማ!”

“ደህና አደሩ ጋሼ?” አለች ዶክተር ሰብለ።

“እግዜር ይመስገን። ዶክተር፣ ቃሌ ቃል ነው። ብሞት አንድ ነገር አልጠይቃችሁም።”

“ኧረ ከመሞትዎ በፊት ይጥሩን!” አለች ዶክተር ሰብለ።

ጠዋት፣ ጎሮ

የመጀመሪያው ታክሲ ጎሮ ድረስ በሰላም አመጣን። እግሬ ሙሉውን መንገድ ወለሉን ሲረግጥ ነበር። ጋሽ ደምሴ ሰምተውኛል መሰለኝ፣ “ወይንሸት፣ የስፌት መኪና ነው እንዴ የምትረግጪው?” አሉኝ።

አንድ ነገር ልናገር። ታክሲ ውስጥ “ወራጅ አለ” ማለት አልችልም። ድምፄ ከወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ ይመስለኛል። ሌላ ሰው እስኪል እጠብቃለሁ። ማንም ካላለ ሰፈሬን አልፌ ሄጄ፣ ከወረድኩበት በእግሬ እመለሳለሁ። ስንት ጫማ የጨረስኩት እንዲህ ነው።

ጎሮ አቧራ ነው። መንገዱ ተቆፍሯል፤ ቱቦው ዳር ላይ ተጋድሟል። ሳምቡሳ ሃያ ብር ገብቷል። የተቀቀለ እንቁላል የምትሸጥ ሴት ጨውና ሚጥሚጣውን በጋዜጣ ጠቅልላ ለአንድ የቀን ሠራተኛ ታቀብላለች። በቁፋሮው ምክንያት የታክሲ ሰልፎቹ ቦታ ተቀያይረዋል። የመገናኛው ሰልፍ ወደ ማዶ ተሻግሯል፤ በካርቶን ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል። ድሮ የመገናኛ ሰልፍ የነበረበት የመብራት ምሰሶ ሥር አሁን የሚሰለፉት ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄዱት ናቸው።

ጋሽ ደምሴ እግራቸው የለመደውን ይዘው ቀጥ ብለው ምሰሶው ሥር ሄደው ቆሙ።

ሰው ይጠይቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቁም። ለማያውቁት ሰው አላይም ማለት አይወዱም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ “ወጣት ሁሉ ተነስቶ ወንበር ሲለቅልኝ ደሜ ይፈላል” ብለውኛል። ዞር ብዬ ዶክተር ሰብለን አየኋት። እሷም ካርቶኑን አይታዋለች። ከንፈሯን ነክሳ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። አትናገሪ ማለቷ ነው።

“ግቡ፣ ግቡ! ጠጋ ጠጋ በሉ!” አለ ረዳቱ፤ ሰልፍ ባለበት መድረሻውን የሚጠራ የለም።

ገባን። ጋሽ ደምሴ በግራ በኩል መስኮት ሥር፣ እኔ አጠገባቸው፣ ዶክተር ሰብለ ከኋላችን።

ከጎሮ ወዲያ

ታክሲው ወደ መገናኛ መዞር ሲገባው ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ወረደ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ባዶ ነው። አይሲቲ ፓርክ የሚባለው የቴክኖሎጂ መንደር አጥር ያልፋል፣ ያልፋል፣ አያልቅም። ከዚያ ያላለቁ ሕንፃዎች፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ላሞች። በወዲያኛው በኩል ወደ ጎሮ የሚመለስ ታክሲ በዓይኔ እፈልጋለሁ። የለም።

ጣቴ ላይ የሻርፔን ጫፍ እጠመጥማለሁ፣ እፈታለሁ። አሁን ዶክተር ትናገራለች እላለሁ። ከኋላዬ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ድምፅ ግን የለም። ስልኬን አያለሁ። ሰዓቱ ይሄዳል።

ጋሽ ደምሴ ግራ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ነኩ።

“ፀሐይዋ ዛሬ ምን ሆነች?” አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። “መገናኛ ስሄድ ከኋላዬ ነበረች።”

ጥያቄው ለሁለታችን መሆኑን እናውቃለን። እሳቸውም መስማታችንን ያውቃሉ። ግን አልጠይቅም ብለዋል፤ እኛም አንናገርም ብለናል። እጃቸውን ከጉንጫቸው አወረዱና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ጨርቅ እንደሚለካ ሰው አውራ ጣታቸው ሱሪያቸው ላይ ወዲያና ወዲህ ትሄዳለች። 

“ወራጅ አለ!”

ድምፁ የኔ መሆኑን ያወቅኩት ሰው ሁሉ ሲዞር ነው።

“እዚህ?” አለ ረዳቱ። “እህቴ፣ እዚህ የሚወርደው እኮ ላም ብቻ ነው!”

ታክሲው በሳቅ ሞላ። ፊቴ ጋለ።

“አቁምልን ልጄ፣” አሉ ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ። “ላሞቹ እኛ ነን።”

መንገድ ዳር

ታክሲው አቧራውን ትቶልን ሄደ። ለጋሽ ደምሴ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ ሰልፉ መቀየሩን፣ ይህ የቱሉ ዲምቱ መንገድ መሆኑን፣ ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን። ዶክተር ሰብለ ፊቷ አመድ መስሏል። ስልኳን አውጥታ መኪና ልትጠራ ስትል ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አነሱ።

“አይሆንም።”

“ጋሼ፣ ካርድ ክፍሉ ይዘጋል!”

“እኔ ብቻዬን ብሆን መኪና አልጠራም። ስልኩንም አላየውም። አሁን በመኪና ካደረስሽኝ፣ ያ ደምሴ የሚሉት ሰውዬ በሰላም ደረሰ ብለሽ ልትጽፊ ነው። እኔ እኮ ጠፋሁ! መጥፋቴ ይጻፍልኝ።”

“ጋሼ፣ በእናትዎ!” አልኩ። ልቅሶዬ መጥቷል። “አንድ ዓይን ነው ያለዎት!”

ዶክተር ሰብለ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

“ወይንሸት፣ ስልክሽን ክፈቺ። እዚህ ያለንበትን ተናገሪ። የጋሽ ደምሴ ጉዞ እዚህ አለቀ በይ። አልደረሱም በይ። ከታክሲው የወረዱት አንቺ ጮኸሽ መሆኑንም አስገቢ፤ እኔ ዝም ማለቴንም። ከዚህ በኋላ ያለው ጥናት ውስጥ አይገባም።”

ተናገርኩ። ከድምፄ ጀርባ የላም ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

“እንግዲህ ጥሪያት መኪናሽን፣” አሉ።

ረፋድ፣ መገናኛና ሾላ

ሾፌሩ ወጣት ነው። “እዚያ ምድረ በዳ ላይ ምን ስትሠሩ ነበር?” አለን። “ጥናት፣” አሉ ጋሽ ደምሴ።

መገናኛ ላይ መኪናው ሁሉ ተጣብቆ ቆሟል። ወርጄ ብሮጥ የምደርስ ይመስለኛል፤ የበሩን እጀታ ይዤ እለቃለሁ። ትንሽ ሄድን፣ ቆምን። ትንሽ ሄድን፣ ቆምን። በመጨረሻ የበርበሬና የኮረሪማ ሽታ በመስኮቱ ሲገባ ጋሽ ደምሴ ቀና አሉ።

“ሾላ! ከዚህማ እኔ እመራችኋለሁ። ቀጥሎ ወደ ቀኝ።”

እውነትም ወደ ቀኝ ነው። ከመኪናው ወርደው ክንዳቸውን ሰጡኝ፤ ክንዳቸውን ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ መስኮቱን ሊዘጋ እጁን ዘርግቷል። “አባቴ፣ ትንሽ ቀደም ቢሉ ምን ነበር?” አለና ወረቀታቸውን ተቀበለ።

ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሟ ግፊቱ ከፍ ማለቱን፣ ያለ ጠብታ ጥቂት ሳምንት ቢቆዩ ኖሮ ይህም ዓይን ይሄድ እንደነበር ነገረቻቸው። አዲስ ጠብታ አዘዘችላቸው። የመጀመሪያውን እዚያው አደረገችላቸው፤ ጉንጫቸው ላይ ወረደ።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ሰብለ አጠገቤ ተቀመጠች።

“ከሥራ ታስወጪኛለሽ?” አልኳት።

“ምን?” ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። “ከአይሲቲ አጥር ጀምሮ ለራሴ ‘ትንሽ ቆዪ’ ስል ነበር። አንቺ ባትጮኺ መቼ እናገር እንደነበር አላውቅም። ይሄን ለባልደረቦቼ እነግራቸዋለሁ። ሰኞ ቦሌ ቢሮ ነይ፣ ሕጉን አብረን እናየዋለን። ደግሞ እንደ ሁልጊዜው በሩ ጋ አትቀመጪ፤ ጠረጴዛው ጋ።”

ከሰዓት በኋላ፣ መመለሻ

ዶክተር ሰብለ መገናኛ ላይ የቦሌ ታክሲ ያዘች። እኔና ጋሽ ደምሴ ወደ አራብሳ ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ ጠብታውን የደረት ኪሳቸው ላይ በእጃቸው ደግፈው ይዘዋል። ብሎካችን ተቃረበ። ሌላ ወራጅ የለም። ጠበቅኩ።

“እኔ አላይም፣” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “አንቺ ካልተናገርሽ አዲስ አበባን ስንዞር እናድራለን።”

“ወራጅ አለ፣” አልኩ።

“ላሞቹ አልሰሙም!”

“ወራጅ አለ!”

ታክሲው ቆመ። ደረጃውን ቀስ ብለን ወጣን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ሊሰበስቡ ግድግዳውን ተደገፉ።

“ዶክተሯ ሪፖርቱን ለባለሥልጣኖቹ ስታነብ፣ እኔ እዚያው መንገድ ዳር ነው የምገኘው?”

“አዎ ጋሼ። አልደረሱም ነው የሚለው።”

“ጥሩ፣” አሉና እጃቸውን ወደ ቀጣዩ ደረጃ ዘረጉ። “መጥተው ይውሰዱኝ።”