ሚዛን አስገቢው አጎቴ

አጎቴ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ያነከሰ ፈረስ አድኖ አያውቅም። ይህን የምለው ስለምጠላው ብቻ አይደለም፤ መጥላቱንስ እጠላዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ሚስማር አቀብዬዋለሁ፣ የፈረስ እግር ይዤለታለሁ፣ ቅጥፈቱን እየሰማሁ ዝም ብዬለታለሁ። እናቴ ስትሞት ወስዶ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ፣ የሚያውቁን ሰዎች «ኧረ ውለታው አለብሽ» ይሉኛል። ውለታውን አልካድኩም። ያሳደገ ሰው ሁሉ መቅጠፍ ይፈቀድለታል ሲባል ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ሰፈሩ «ምንም አይል» ብሎ ነው የሚጠራው። ያነከሰ ፈረስ እየተጎተተ ሲመጣለት፣ ገና እግሩን ሳያነሳ፣ ገና ጉልበቱን ሳይዳስስ፣ «ምንም አይል!» ይላል። እብጠቱ ዱባ ቢያክል ምንም አይል። ፈረሱ በሦስት እግሩ ቆሞ ቢንቀጠቀጥም ምንም አይል። ደረቱን ነፍቶ፣ የቆዳ ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ፣ የታመመውን እንስሳ ትቶ ባለቤቱን ያክማል። የባለቤቱ ፊት ከፈካ ለእሱ ሥራው አልቋል።

የሚሠራው ከጡብ ፋብሪካው አጥር ጋር በተለጠፈች የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ነው። በግራ በኩል ምድጃ አለ፤ መሃል ላይ ጫፉ የተሸረፈ ብረት መቀጥቀጫ፤ ግድግዳው ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ የተሰቀሉ የፈረስ ጫማዎች። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ሦስት ጣሳዎች ተደርድረዋል። አንዱ የሚገማ ቅባት፣ ሁለተኛው ሚስማር ይዟል። ሦስተኛውን እንዳልነካ ተነግሮኛል። እኔም የተባልኩትን የምሰማ ልጅ ነበርኩ፤ አልነካሁትም።

«ፈረስ የሚያነክሰው ሚዛን ሲጎድለው ነው» ይላል፣ ትልቅ ጥበብ የተናገረ አስመስሎ። ሕክምናው ሁልጊዜ ያው ነው። ፈረሱን ያስረዋል፣ የታመመውን እግር በዚያ ግም ቅባት ያሻል፣ በጨርቅ ይጠቀልላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በይ አሁን ሚዛን ላስገባለት ነው፤ ውሃ ቀድተሽ ነይ» ይለኛል። ቧንቧው ያለው ከመንገዱ ማዶ ጫፍ ነው። ሁለት ባልዲ ሞልቼ እያለከለክሁ ስመለስ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባለቤቱ ይስቃል፣ አጎቴ እጁን በሽርጡ ይጠርጋል፣ እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ምስጢሩ ቅባቱ ውስጥ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አሽትቼዋለሁ! ሳምንት ሳይሞላው ያው ፈረስ ብሶበት ይመጣል። አጎቴ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ሚዛኑን አዛባህብኝ እኮ!» ብሎ ባለቤቱን ይቆጣዋል። ባለቤቱም አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል። እነዚያን ባለጋሪዎች ከአጎቴ ባልተናነሰ እንቃቸው ነበር። ሰው በገዛ ፈረሱ እንዴት እንዲህ ይሞኛል?

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ከመጠለያዋ ወጥቼ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ተቀጠርኩ። ሐኪሟ ወሬ የማትወድ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ስድስት ዓመት ያልገባኝን ነገር እሷ በአንድ ጠዋት አስረዳችኝ። አጥንትና አጥንት ሲገጣጠሙ እንዳይፋጩ መሃላቸው ለስላሳ ልባስ አለ። ፈረስ በልጅነቱ ከባድ ሲጫን፣ ደረቅ መንገድ ላይ ሲሮጥ፣ ሰኮናው ተንጋዶ ሲከረከም ያ ልባስ ያልቃል። ካለቀ አይመለስም። «ይህ በሽታ አይድንም፤ በእንክብካቤ ይያዛል» አለችኝ። ጭነቱን መቀነስ፣ ሰኮናውን በየጊዜው አስተካክሎ መከርከም፣ ውፍረቱን መጠበቅ፣ ከመገተር ይልቅ በየቀኑ ለስላሳ መሬት ላይ ቀስ ብሎ ማራመድ፣ ሲብስበት የሕመም ማስታገሻ። በቃ፣ ይኸው ነው። እንደ አጎቴ ደረት የሚያስነፋ ነገር የለውም።

ነገሩን ሄጄ ለአጎቴ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «የማይድን ከሆነ እሷ ምን ልትሠራ ተቀመጠች?» አለኝ።

ያ ሰው ለገዛ ጣቶቹ ሲሆን ግን ሳቁን አያውቀውም። መዶሻ ሲጨብጥ የኖረበት ቀኝ እጁ በቁርጥማት ተያዘ፤ አንጓዎቹ አብጠው ጣቶቹ ተጣመሙ። ታዲያ ግሙን ቅባት ተቀባ? በጭራሽ። ሆስፒታል ሄዶ ወረፋ ጠበቀ፣ ኪኒኑን ሰዓቱን ጠብቆ ዋጠ፣ ጠዋት ጠዋት እጁን በሞቀ ውሃ ነከረ፣ የሱፍ ጓንት ገዛ። አንድ ቀን እንኳ ለእነዚያ ጣቶች «ምንም አይል» ሲላቸው አልሰማሁም። ይህ ነው እንግዲህ አንጀቴን ያቃጠለው።

ነገሩ የፈነዳው በባለጋሪዋ ነው። ከፋብሪካው ጡብ የምታመላልስ፣ ወፍራም ድምፅ ያላት፣ ልጆቿን በአንድ ዳማ ፈረስ ያሳደገች ሴት ናት። ዳማው የፊት ቀኝ እግሩን ሲያነክስ ክሊኒካችን አመጣችው። ሐኪሟ ደረቅ መሬት ላይ አስኬደችውና አየችው፤ ቀኙን ባሳረፈ ቁጥር አንገቱን ወደ ላይ ይነቅላል። የሚያነክስ ፈረስ ምልክቱ ይኸው ነው፤ የታመመው እግር ላይ ክብደቱን እንዳይጥል ራሱን ያነሳል። የተለመደውን መከረቻት። ባለጋሪዋ ሰማች። ጭነቱን በግማሽ ቀነሰች፣ ዳማውን በየማለዳው ሜዳው ላይ አንሸራሸረችው። በሦስተኛው ሳምንት መሻሻል ጀመረ። አንድ ሰው እንኳ ሰማኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ግን የወሩ መጀመሪያ ሰኞ እየቀረበ ነበር። በዚያ ቀን የፋብሪካው በር ላይ ተቆጣጣሪ ይቆማል። ይህ ተቆጣጣሪ የክብሪት እንጨት እያኘከ የፈረሶችን አንገት ብቻ የሚያይ፣ ሰኮና አንስቶ የማያውቅ ፍጡር ነው። አንገቱን ወደ ላይ የሚነቅል ፈረስ ካየ የጋሪውን ታርጋ ይነቅላል። ታርጋ የሌለው ጋሪ ጡብ አይጭንም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከክሊኒኩ ወጥቼ ስሄድ ባለጋሪዋ ከአጎቴ መጠለያ በኩል ዳማውን እየሳበች መጣች። አንገቱ ቀጥ ብሏል! ልቤ በደስታ ዘለለ፤ አይዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ሁለት ደቂቃ ያህል በምድር ላይ ከእኔ በላይ ብልህ ሴት የሌለ መሰለኝ። ከዚያ እርምጃውን አየሁ። አጭር አጭር ነው፣ በባዶ እግሩ ኮረት ላይ እንደሚሄድ ሰው። ጎንበስ ብዬ ግራውን፣ ደህናውን እግር ዳሰስኩ። ሰኮናው ይፋጃል። ከሰኮናው በላይ ያለው የደም ሥር ይመታል።

ደህናው እግር!

ገመዱን ከእጇ ነጥቄ ዳማውን ወደ አጎቴ መጠለያ መለስኩት። ባለጋሪዋ «ምን ሆነሻል አንቺ?» እያለች ተከተለችኝ። የመጠለያዋ በር ላይ ሰባት ጋሪ ተሰልፏል። ማንንም ሳላናግር ጉጠቱን አነሳሁ፣ የግራ እግሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጫማውን ነቀልኩት። ከብረቱና ከሰኮናው መሃል ባቄላ የምታክል ጠጠር ወደቀች። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሦስተኛውን ጣሳ አውርጄ ገለበጥኩት። በመጠን በመጠን የተመረጡ ጠጠሮች መሬት ላይ ተበተኑ።

«ይኸው ሚዛኑ!» ብዬ ጮህኩ። «ደህናውን እግር ያሳምምላችኋል! ሁለቱንም እኩል ሲያመው ፈረሱ የትኛውን ያንክስ? ቀጥ ብሎ የሚሄደው ለዚህ ነው! ስታዩት የኖራችሁት ሕክምና ይኸው!»

ጉድ ይፈላል ብዬ ጠበቅሁ። ሁሉም አጎቴ ላይ ይነሳሉ፣ እሱም ቅሌቱን ይከናነባል ብዬ ጠበቅሁ። አንዱ ባለጋሪ ግን የገዛ ጫማውን ያያል። ሌላው ልጓሙን ያስተካክላል። ከኋላ የቆመው ሽማግሌ ሰልችቶት፣ «ነገ እኮ ሰኞ ነው ልጄ፤ ቶሎ በሉ» አለ።

«መልሺው» አለችኝ ባለጋሪዋ።

«እትዬ፣ አልሰሙኝም? ደህናውን እግር እኮ ነው…»

«ሰምቼሻለሁ። ጠጠሯን የመረጥኳት እኔ ነኝ። ተለቅ ያለችውን ሊያደርግ ሲል ትንሿ ትበቃዋለች ያልኩት እኔ ነኝ።» ድምፅዋ ወረደ። «ነገ በሩን ይለፍልኝ እንጂ ከሰዓት አስወጣዋለሁ። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ አደርጋለሁ፣ እስካሁንስ መች ጎደልኩ? ታርጋው ከተነቀለ ግን ምኑን ነው በግማሽ የምጭነው? ምን ላበላው ነው? ሜዳ ላይ ነው የምጥለው። እንደዛ ይሻላል?»

ባለጋሪዎቹን ሞኞች እላቸው ነበር። ስድስት ዓመት ባልዲ ተሸክሜ የተመላለስኩት ነገሩ ከእነሱ እንዲደበቅ አልነበረም፤ ከእኔ እንዲደበቅ ነበር።

«ለምን?» አልኩት አጎቴን።

«ልጅ ነበርሽ» አለ፣ እያየኝ እንኳ አይደለም። «ፈረስ ትወጂ ነበር።»

ይህን ደግነት ብሎታል! ንቀቴ እንደ አዲስ ገነፈለ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጠጠሯን ለቀመ፣ በሽርጡ ጠረጋት፣ ጫማውን ከመሬት አነሳ። መዶሻውን ሊጨብጥ ሲሞክር ጣቶቹ አልታጠፉለትም። የመጀመሪያውን ሚስማር ሲመታው ጠመመ። ዳማው ሸሸ። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሥጋው እያዘነበለ ነበር። ሚስማር ሥጋውን ከወጋው ፈረሱ አለቀለት ማለት ነው፤ ያኔ ጠጠሩም ሐኪሟም አያተርፉትም።

ባለጋሪዋ እኔን ታያለች። ተራ የሚጠብቁትም እኔን ያያሉ።

መዶሻውን ከአጎቴ እጅ ወሰድኩ። እሱ እግሩን ያዘልኝ፣ ጠጠሯን ከብረቱ ሥር አስገባት፣ እኔ መታሁ። ስድስት ሚስማር። ስድስቱም ቀጥ ብለው ገቡ። ከእሱ የተሻለ እጅ አለኝ፤ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ጨርሼ ስቆም ዳማው ግራውን አነሳ፣ አሳረፈው፣ ቀኙን አነሳ። የሚያሳርፈው እግር አጣ። አንገቱን እየደባበስኩ፣ «ምንም አይል» አልኩት።