ሰፈር ያወቀው ቁልምጫ

የሞቀ ላስቲክና የአቧራ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ኢንተርኔቱን ለግቢው የምታከፋፍለው ጥቁር ሳጥን ቁም ሳጥናችን ላይ ቀኑን ሙሉ በርታ ስትውል እንዲያ ነበር የምትሸተው። አረንጓዴ መብራቷ ግድግዳው ላይ ይርገበገባል። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ከእኔ በፊት እሷን በመዳፉ ይነካል፣ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው።

«ኧረ እኔንም ሰላም በለኝ» እለው ነበር።

ቡታጅራ የመጣነው እንደተጋባን ነው፤ እሱ ግብርና ቢሮ ተመድቦ፣ እኔ እሱን ተከትዬ። የሰሜን ልጆች ነን፣ አገሩንም ሰዉንም አናውቅም ነበር። የተከራየነው የአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነው። ፊት ለፊታችን እሳቸው፣ ከጎናችን አንዲት ነርስ ይኖራሉ፤ ከጓሮው ማዶ፣ በመንገዱ በኩል፣ የልብስ ሰፊው ሱቅ አለ። ጓሮው ውስጥ የአከራያችን እንሰት ቆሟል።

ያን ጊዜ በሞባይል ካርድ ኢንተርኔት መክፈት ኪስ ያራቁት ነበር። አከራያችን ቤት ግን ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ሆነው ያስገቡላቸው የቤት ስልክ ነበር። ባለቤቴ በዚያ መስመር አንድ ኢንተርኔት አስገብተን፣ ወጪውን እንደ እቁብ እያዋጣን ሁላችንም እንጠቀም አለ። ያገለገለች ሳጥን ፈልጎ ገዛ፤ መስመሩንም ወደ እኛ ቤት ሳበው። ከእኛ ቤት ነርሷና አከራያችን ጋ ደረሰች፤ ልብስ ሰፊው ጋ ግን አልደርስ አለች። እንሰቱ ነው። ያ ሰፊ ቅጠል በክረምት ውሃ ጠጥቶ ሲወፍር ሞገዱን ይውጠዋል።

«እማማ፣ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ብንቆርጣቸው?» አላቸው።

«ወግድ! ለስልክ ብሎ ያልደረሰ እንሰት የሚቆርጥ ሰው አይቼም አላውቅ። ቆጮዬን ተውና ገመድህን አዙር።»

አዞረ። ከየሰው የለመነውን ቁርጥራጭ ገመድ እየቀጠለ፣ ዝናብ እንዳያገኘው በአሮጌ የውሃ ጎማ ውስጥ አሳልፎ፣ በቆርቆሮው አጥር ላይ እያሰረ ሱቁ ድረስ ወሰደው። እዚያም ሌላ አሮጌ ሳጥን ሰቅሎ ወደ ግቢ ተመለሰ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ከማዶ የልብስ መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ወላሂ ደረሰ!» አለ ልብስ ሰፊው። ቀጥሎ እየሳቀ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «ወንድሜ፣ ግን ይቺ ማን ናት?»

ሳጥኗ ስም ያስፈልጋታል፤ ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚያየው፣ ነክቶት የሚገባበት ስም። ባለቤቴ የጻፈላት፣ በሩ ተዘግቶ ሁለታችን ብቻ ስንሆን እኔን የሚጠራበትን ቁልምጫ ነበር። እናቴ እንኳ አታውቀውም። ቀስ ብሎ ሲጠራኝ ቀስ ብዬ «አቤት» እለዋለሁ፤ በቃ፣ የዚያ ስም ዕድሜው ከአልጋችን እስከ በሩ ነበር። እዚህም አልጽፈውም።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እሱ መልስ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በልብስ ሰፊው ሱቅ በር ማለፍ ጭንቅ ሆነብኝ። «ወንድሜ፣ ዛሬ ጭራሽ የለችም፤ ተጣላችሁ እንዴ?» ይለዋል፣ እኔ እየሰማሁ። ነርሷም ስሙን እንደ ጨው ዋጋ በአፏ ሙሉ ትጠራዋለች።

«ቀይርልኝ» አልኩት።

«እሺ። ግን ስሙ ከተቀየረ ስልኮቹ ሁሉ አያውቋትም፤ አንድ በአንድ እየዞርኩ እንደገና ማስገባት አለብኝ።»

«ታዲያ ዙር!»

«እሺ፣ ነገ።»

ነገ ሳይመጣ መስቀል መጣ። የአከራያችን ልጆች ከነቤተሰባቸው ከአዲስ አበባ ገቡ፤ ግቢው በቂቤና በኮሰረት ሽታ ተሞላ። እኛንም ጠሩን። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ እኔ ክትፎ በጣባ ይዤ እያሳለፍኩ ነው። ታላቁ ልጃቸው፣ ትልቅ ነጋዴ፣ ስልኩን አውጥቶ ዓይኑን አጠበበ፤ ያንን ስም ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ለያይቶ፣ ጮክ ብሎ አነበበው።

«እማዬ፣ ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

አከራያችን በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ቤቱ በሙሉ ዞረ። ከነጣባው መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ልስብ ስል እጄ ቂቤ ነክቶታል።

«እኔ» አሉ አከራያችን፣ «ይህን ሁሉ ልጅ ወልጄለት ባሌን አንድ ቀን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እሱም ‹አንቺ› እንዳለኝ ሞተ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እኔ ግን ያን ጊዜ የማየው የራሴን ውርደት ብቻ ነበር። ባለቤቴን ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ስሙን አልቀየረውም፤ እኔም መጠየቅ ተውኩ። ሳጥኗ ስትበላሽ ሌላ ይገዛል፣ ያንኑ ስም ይጽፍላታል። ዕድሜያችን እንዲያ ሄደ።

ባለፈው ክረምት ሞተ። ድንኳኑ ውስጥ ነጠላዬን ዘቅዝቄ እያለቀስኩ፣ ወጣቶቹ ዳር ዳር ተቀምጠው ስልካቸውን ሲነካኩ አየሁ። መስታወቱ ላይ ምን ተጽፎ እንደሚያዩ አውቃለሁ። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ የሚያፍር ሰው ታይቶ ያውቃል? እኔ አፈርኩ።

በቅርቡ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳጥኗ ተቃጠለች። ልብስ ሰፊው ቴክኒሻን ይዞልኝ መጣ፤ ዛሬ ጢሙ ሸብቷል። አዲሷ ሳጥን ነጭ ናት፣ ገና ምንም አትሸትም። ስሟ የቁጥርና የፊደል ድብልቅ ነው።

«የድሮውን ስም ከነይለፍ ቃሉ ከጻፍኩባት የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ራሱ ይገባል» አለ ቴክኒሻኑ። «አለበለዚያ በዚሁ ትቀጥል። የድሮዋ ማን ነበር የምትባለው?»

ወደ ልብስ ሰፊው አየሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲቀልድበት የኖረ ሰው ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለና አንገቱን ደፍቶ ወደ ሱቁ ሄደ።

ሰው ራሱን በቁልምጫ አይጠራም። ያ ስም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። የይለፍ ቃሉን ነገርኩት፤ ስሙን ግን በሹክሹክታ አልኩት።

«አልሰማሁም እናቴ፣ ይድገሙልኝ።»

ጥቁር ለብሼ፣ ከማላውቀው ሰው ፊት፣ እንደ ሙሽራ እየተቃጠልኩ ደገምኩለት። ጻፈው። መብራቷ ጥቂት ብልጭ ድርግም ብላ ረጋች።

ከእንሰቱ ማዶ የልብስ መኪናው ቆመ። ልብስ ሰፊው ያንን ስም ጠርቶ «መጣች!» ብሎ ጮኸ።

«አቤት» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።