በረዶ መላሹና ካድሬው

ወረታ ላይ ያሰሩኝ በረዶ ይመጣል ብዬ ስለተናገርኩ ነው። የአየር ሁኔታ መዝጋቢ ነበርኩ። ከጣና የሚነሳው ሞቃትና እርጥብ ንፋስ ከጉና ከሚወርደው ቀዝቃዛ ጋር ሲገጥም ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ገበሬዎቹን ከብታችሁን ከሜዳ አስገቡ አልኳቸው፤ እነሱም ካድሬው የጠራውን ስብሰባ ትተው ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ። ካድሬው "ሕዝብ አሸብረሃል" ብሎ ከነጋዴ በተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ ወረወረኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ወለሉ ኑግ ኑግ ይሸታል።

እዚያ አንድ አረጋዊ መሪጌታ አገኘሁ። የፎገራ ገበሬ ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ እንዲመልሱለት የሚለምናቸው ሰው ናቸው። "በአጉል እምነት ሕዝብ ያደነቁራል" ተብለው ታስረዋል። ካድሬው በፊቴ ጥምጥማቸውን አስፈትቶ ጫማውን ጠረገበት። ያን ጊዜ የያዘኝ ጥላቻ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አንድ ጠዋት በበሩ ስንጥቅ ሰማዩን አየሁ። ንፋሱ ቆሟል፣ ሙቀቱ ያፍናል፣ በጉና በኩል ደመናው ሽቅብ ይቆለላል።

"መሪጌታ፣ ቀትር ሲያልፍ በረዶ ይመጣል። ጣሪያ የሚነቅል አውሎ ንፋስም ሊኖረው ይችላል" አልኳቸው።

"ዛሬ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ለሰልፍ ጠርተውታል እኮ። ሕፃን አዛውንቱ ሊያልቅ ነው?"

ብዙም ሳይቆይ ካድሬው ብቻውን ገባ። ከአውራጃ አለቆቹ ሊመጡበት ነው፤ ሰማዩም አስፈርቶታል። እኔን ዘሎ መሪጌታው ፊት ቁጢጥ አለ።

"አባቴ፣ ለዛሬ ብቻ ይመልሱልኝ። ማንም እንዳይሰማ።"

"እመልሳለሁ። ሥርዓት ግን አለው። ሰማዩ እስኪጠራ ሕዝቡ ከቤቱ አይውጣ። ቀትር ሲያልፍ አንተ ለማኙ ብቻህን፣ ባዶ ራስህን፣ ሜዳው መሃል ቁም። ከተንቀሳቀስህ ይበላሻል።"

እሺ ብሎ ወጣ፤ ወዲያው ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ሲያስለፍፍ ሰማን።

"እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ እንዴ?" አልኳቸው።

"የለም። ዕድሜዬን ሙሉ በረዶ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እስቲ ልጥራው።"

ቀትር አልፎ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አልቻልንም። በሩ ላይ የተጠለለው ዘበኛ "ጓድ ሜዳ ላይ ብቻውን ምን ይሠራል?" ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሕዝቡ በየቤቱ ነው፤ እሱ ብቻ ይቀጠቀጣል። ይጨምርለት እያልኩ ለመንኩ።

በማግስቱ ግንባሩ አባብጦ መጣ። ምን ብሎ ይክሰስ? ደብተራ ለመንኩ ይበል? "ደብተራ፣ ውጣ!" አለ ብቻ።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አራገፉና ዙር በዙር ይጠመጥሙ ጀመር። "ፍጠን!" ሲል፣ "ቆይ ልጄ፣ ሳልጠመጥም ወጥቼ አላውቅም" አሉት። ጠብመንጃ የያዘው ሁሉ እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቃቸው። እኔ ኋላ ተፈታሁ፤ እሳቸውን ግን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ካድሬው ዛሬ ሐሙሲት ይኖራል። ሸምግሏል፣ ነጠላ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ባለፈው ዓመት ይቅር በለኝ ብሎ ሽማግሌዎች ላከብኝ። እኔን ደግሞ የግንባሩ እብጠት ቶሎ መጉደሉ አሁንም ያንገበግበኛል።

"መሪጌታን የት እንደቀበራቸው ይንገረኝ" አልኳቸው። "አጥንታቸውን ጣራ ገዳም ካሳረፍኩ በኋላ እንነጋገራለን።"

ሽማግሌዎቹ መልስ ይዘው አልመጡም።