ሜካፕ የማያስፈልገው ፊት

ፊልም ሠሪዎቹ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የገቡት በሁለት መኪና ነበር፤ ከሚሌኒየሙ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ፣ ካሜራ የያዘ ሁሉ ፊልም ሠሪ ነኝ በሚልበት ዘመን። ጉሙ ከተማውን ውጦት ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ጥቁር መነጽር አድርጎ ወረደ። ያን ጊዜ ናቅሁት ብል ደስ ባለኝ፤ ውሸት ይሆናል። ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር።

እኔ የሁለተኛ ደረጃው የአማርኛ መምህርት ነኝ። ቋንቋውን የሚያይላቸው ሰው ሲፈልጉ ወደ እኔ ላኳቸው። ዳይሬክተሩ ስክሪፕቱን ሰጠኝና "ልብ አንጠልጣይ ነው" አለኝ። ታሪኩ አጭር ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እጮኛሞች ደጋ ላይ መኪናቸው ይበላሻል፤ አንድ ባላገር ከኋላ ከኋላ ይከተላቸውና ልጅቷን ይገድላታል። ባላገሩ ስም የለውም፤ "ገዳይ" ተብሎ ነው የተጻፈው። የቀሩት የአገራችን ሰዎች "ገበሬ አንድ"ና "ገበሬ ሁለት" ናቸው። ገበሬ አንድ የሚናገረውን አማርኛ እኔ በመንዝም በሌላም አገር ሰምቼው አላውቅም። ግማሹ ቃል የተዋጠ፣ ግማሹ የተንተባተበ ነው። በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መለስኩለት። ሲያነበው ቅር አለው።

"ቲቸር፣ ይሄማ እኛ እንደምናወራው ሆነ።"

"እናንተ እንደምታወሩት ነዋ የሚያወሩት።"

"ቢሆንም ትንሽ ገጠር ገጠር ይሽተት። ተመልካቹ አያምነንም።"

ተመልካቹ የሚያምነው ሌላ ፊልም ላይ ያየውን ነው። ዳይሬክተሩም ራሱ መንዝን ያወቀው ከፊልም ነው፤ የፈረንጁን የጫካ ነፍሰ ገዳይ ኮፍያውን አስወልቆ በርኖስ አለበሰውና ደራሲ ነኝ አለ። እኔ ደግሞ ይህን እያወቅሁ እርማቴን አጠፋሁለት። መጨረሻው ላይ ስሜ እንደሚወጣ ነግሮኝ ነበርና።

ገዳዩን ያገኘው በገበያ ቀን ነው። ከገበያው ዳር ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ አንድ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ሃምሳውን ያለፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። የእሳት ፍንጣሪ ግራ ጉንጫቸውን አቃጥሎት ትልቅ ጠባሳ ጥሎባቸዋል። ዳይሬክተሩ ፊታቸውን እንደ ሙክት በግ ዞሮ አየና "ይሄ ሜካፕ አያስፈልገውም" አለኝ፤ እሳቸው እየሰሙ። እንዳሳምናቸው የተላክሁትም እኔ ነኝ። አገራችን ትታያለች፣ ጋሼ፣ አልኋቸው። ለእኔ ብለው እሺ አሉ።

ቀረጻው ከከተማው ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ቀጥቃጩ የሚደረገውን ሁሉ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁ።

"ልጅቱን የምገድላት ስለምንድን ነው?"

ዳይሬክተሩ እኔን አየኝ። "ፋዘር፣ ምክንያት የለውም። እንዲሁ ገዳይ ነው።"

"እንዲሁማ በግም አይታረድ" አሉ። "ወይ በዓል ነው፣ ወይ እንግዳ ነው።"

የካሜራ ሠራተኞቹ ሳቁ። ዳይሬክተሩም ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉ ስክሪፕት ውስጥ ያልነበረ አንድ የረባ ዓረፍተ ነገር በነፃ ሲሰጠው ሳቀበት። እሱን መናቅ የጀመርሁት ያኔ ነው።

ቀጥቃጩ በክፋት ማየት አልቻሉም። ተቆጡ ሲሏቸው ያፍራሉ፤ አፍጥጡ ሲሏቸው ዓይናቸው ያለቅሳል። በመካከል፣ ተቀምጠዋት መጥተው አፋፉ ላይ ያሰሯት በቅሏቸው እግሯ ተንሸራተተ። እሳቸው ደንግጠው፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ ወደ እሷ አዩ። "ያዘው፣ ያዘው" አለ ዳይሬክተሩ ለካሜራው። በቅሎዋን ልይዝ የሮጥሁት እኔ ነኝ።

ፊልሙ ወጥቶ ወደ እኛ ሲመጣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ቪዲዮ ቤት ሞላ። ያ የድንጋጤ ዓይን ስክሪኑን ሙሉ ወጣ፤ ቀጥሎ የልጅቷ አንገት፣ ከሥር ጆሮ የሚበሳ ሙዚቃ። ለበቅሎ የተደነገጠው ድንጋጤ የደም ጥማት ሆኖ ቁጭ አለ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ድሮም ዓይናቸውን እፈራው ነበር" አለች። የእኔ ስም ደግሞ ተሳስቶ ተጽፏል።

ዳይሬክተሩ ያላወቀው ነገር አለ። ቀጥቃጭን በቡዳነት ማማት በእኛ አገር የቆየ ነውር ነው፤ ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብለን፣ በማረሻው ያረስነውን በልተን፣ መልሰን እናማቸዋለን። ፊልሙ ለዚህ ሐሜት ማስረጃ ሆነለት። እናቶች በቀጥቃጩ ደጅ ሲያልፉ የሕፃን ፊት መሸፈን ጀመሩ። ቀድሞ በሹክሹክታ የነበረው አደባባይ ወጣ።

ላጽናናቸው ሄድሁ። "ያን ለት ደንግጬ ያየኋት በቅሎዬ አይደለችም እንዴ?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ናት አልኋቸው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቪዲዮ ቤት ገብተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ሲፈጥ ተነሡና በዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ይህ በቅሎዬ ስትንሸራተት ነው፤ መምህርቷ ምስክር ናት" አሉ። እኔም ከኋላ ተነሥቼ እውነት ነው አልሁ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዳይሬክተሩ ስንት ቀን የደከመበት ያ አስፈሪ ቦታ ሲደርስ ሰዉ አንድ ላይ "በቅሎዋን" ይል ነበር። ፊልሙ በመሐል ሜዳ በቀልድነት ኖሮ በቀልድነት ሞተ።

ዓመት ሳይሞላ ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። አሁን ደግሞ ለሌላ ፊልም ጠንቋይ የሚሆን ሰው ይፈልግ ነበር፤ "እዚያ አይጠፋም" አለኝ። "ጥቁር መነጽርህን አውልቅና መስታወት ፊት ቁም" አልሁት። ስልኩን ዘጋው።

በራሴ ልኮራ የነበረው እንግዲህ ይኼኔ ነው። ሐሜቱ ግን በሳቅ አልጠፋም፤ ሕፃናቱ አሁንም ይሸፈናሉ፣ በዝቅተኛ ድምፅ አሁንም ይታማል። በፋሲካ ማግስት ቀጥቃጩ ቤታቸው ጠሩኝ። ያን ያህል ዓመት በደጃቸው ሳልፍ ቤታቸው እህል ቀምሼ አላውቅም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄም አላውቅ። ሚስታቸው ወጡን አውጥታ ብይ አለችኝ። እጄ ትንሽ ዘገየ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ከዚያ በላሁ፣ አብዝቼም በላሁ። ቀና ስል ግን እሳቸው እጄን ሲያዩት ነበር፤ ወዲያው አንገታቸውን አቀረቀሩና "ጠላውን ቅጅላት" አሏት።