ወደ ኦቦ ገመዳ ቤት የሚሄደው ሽቦ

ባለፈው ሳምንት ፋይበር ሊያስገባልኝ የመጣው ልጅ መሰላል ላይ ቆሞ የድሮውን የስልክ ሽቦ ሲነቅል፣ «እትዬ፣ ይሄኛው ደግሞ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለኝ። እትዬ ማለቱን ራሱ አልወደድኩለትም። ቀና ብዬ ሽቦውን ሳየው ግን ወዲያው አወቅኩት።

ከብዙ ዓመት በፊት ኮሌጅ ጨርሼ እዚሁ ናዝሬት፣ በግቢያችን በር ላይ ባለችው ክፍል ኢንተርኔት ቤት ከፍቼ ነበር። (አዳማ በይ ብትሉኝም አፌ ናዝሬት ነው የሚለው።) እናቴ ወርቋን ሸጣ ነው ኮምፒዩተሮቹን የገዛችልኝ። ዲጂታል መስመር የሚሉት ገና መግባቱ ነው፤ በዚያው በአንድ የስልክ ሽቦ ንግግሩም ኢንተርኔቱም ይመጣል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው! አባቴ ስልክ ባወራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ድርግም! ደንበኞቼ እየተራገሙ ይወጣሉ። እናቴ ባዶ አንገቷን ስትዳብስ ባየኋት ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

አባቴ ደግሞ ስልክ ሲያወራ ሰፈር ነው የሚሰማው። ሻሸመኔ ያለችው አክስቴ «ደህና ናችሁ?» ካለችው አለቀላት። ጉልበቱ፣ የእኔ መመረቅ፣ ያፈራው ፓፓያ፣ አንድ ሳያስቀር ይዘረግፍላታል። «አባዬ፣ አክስቴ እኮ አልደነቆረችም!» እለዋለሁ። አይሰማኝም።

በዚያ የግንቦት ሙቀት ቴክኒሻን አስመጣሁ። ሞደሙን አየ፣ ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚለየውን ስፕሊተር ፈተሸ፤ ደህና ነው። «ፓራለል አላችሁ?» አለ። ድሮ ስልክ ለማስገባት ዓመታት ወረፋ ስለሚጠበቅ፣ የደረሰው ሰው ለጎረቤቱ በአጥር ላይ ሽቦ ያሻግርለታል፤ ፓራለል ማለት እሱ ነው። እኛም ለኦቦ ገመዳ አሻግረን ነበር። በኋላ እሳቸውና አባቴ በአጥር ወሰን ተጣሉ፤ አባቴም ሽቦውን በገዛ እጁ እንደቆረጠው ለሰፈሩ ሁሉ አወጀ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚቀመጡት።

«የለም!» አለ አባቴ፣ በረንዳ ላይ ፓፓያውን እየላጠ።

ቴክኒሻኑ ከጣሪያው ላይ፣ «ኧረ አለ! ቀጥ ብሎ ወደ ጎረቤት ነው የሚሄደው!» ብሎ ጮኸ።

እየሮጥኩ ኦቦ ገመዳ ቤት ገባሁ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ እግራቸውም አልታዘዝ ብሏቸዋል። ስልኩ አልጋቸው አጠገብ፣ ጥልፍ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል።

«አከም ኦልቴ፣ ኢንተለ ኮ፤ እንዴት ዋልሽ ልጄ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «የአባትሽ ጉልበት ተሻለው?»

«ማን ነገረዎት?»

«ራሱ ነዋ! ትናንት ለሻሸመኔዋ ሲነግራት።»

በስመአብ! ከጓደኛዬ ጋር ያወራሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። «የእኔንም...?»

«ያንቺን እዘጋዋለሁ። ነውር አይደለም እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ወደ ቤት ተመለስኩ። «አባዬ፣ ቆርጬዋለሁ አላልክም?»

አባቴ ቢላውን አስቀመጠ። «ገመዳ ሲያነሳ ድምፁ ቀነስ ይላል፤ አውቀዋለሁ» አለ። «ቆርጬው ቢሆን ለማን ብዬ ነው እንደዚያ የምጮኸው?»

ቴክኒሻኑ ከጣሪያው ወርዶ፣ «ወይ ይቆረጥ፣ ወይ እዚያኛውም ስልክ ላይ ፊልተር ይግባ» አለ። ንግግር በዝቅተኛው ሞገድ፣ ኢንተርኔት በከፍተኛው ነው የሚሄደው፤ ፊልተር የሌለው ስልክ ሲነሳ ሁለቱ ይረባበሻሉ። ከቦርሳው አንዲት ትንሽ ፊልተር ሰጠኝ። ኦቦ ገመዳ ስልክ ላይ የሰካኋት ራሴ ነኝ። ኢንተርኔቱም ከዚያ በኋላ አልተቋረጠም፤ እናቴ ወርቋን መልሳ አሰራች።

ሁለቱ ግን እንደተኳረፉ ቀሩ። ግትሮች! ኦቦ ገመዳ ሲሞቱ አባቴ ከቀብር ተመልሶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የስልኩን እጀታ አነሳ። ቁጥር አልመታም። ቀብር ላይ ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ሁሉንም ለኦቦ ገመዳ ነገራቸው። አባቴ ስልክ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ እሱም የለም። የፋይበሩ ልጅ ፒንሳውን ይዞ፣ «በዚያ በኩል የሚያነሳ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። «ግን እሱን ተወው።»