ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ

ባለቤቴ ሲናፍቀኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ፊቱ አይደለም፤ ጀርባው ነው። አንገቱን ሞተር ውስጥ ቀብሮ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ፣ «አሥራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ» እያለ እጁን ወደ ኋላ ሲዘረጋ። ዞር ብሎ አያይም። እጁ ላይ ያስቀመጥኩለትን በጣቶቹ ዳብሶ ነው የሚያውቀው። አንድ ቀን ሙዝ አስቀመጥኩለት። ልጦ በላና እጁን መልሶ ዘረጋ።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የመኪና መለዋወጫ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እሱ ከጎኗ ባለው ግቢ መኪና ይጠግን ነበር። ሳዑዲ ከሄደ ወዲህ ግቢው ውስጥ የጎረቤት በግ ታስራ ትውላለች። ሰው «እንዴት ነው? ደህና ነው?» ይለኛል። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» እላለሁ። እውነትም እሱ ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ደግሞ የሞተር ዘይት ሊገዛ ለመጣ ሰው የሚነገር አይደለም።

ከመሄዱ በፊት ሥራ ቀዝቅዞበት ነበር። ጓደኞቹ ተራ በተራ ወደ ሳዑዲ ወጥተው አልቀዋል፤ በየጊዜው እየደወሉ «ና እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይሉታል። «አልሄድም» ይላል፤ ግን አባባሉ ከቀን ወደ ቀን እየላላ መጣ። አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ ሳለ፣ «አንድ ነገር ልሞክር። ከሆነልኝ እቀራለሁ፤ ካልሆነ ግን አትያዢኝ» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

ሊሞክር ያሰበው ከአባቱ በቀረችው አሮጌ የቤት መኪና ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመጣው መንገድ ዳገት ብቻ ነው፤ ሐረጎ በሚባለው አቀበት ላይ አሮጌ መኪና ምን እንደምትሆን ያየ ያውቃል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ፣ ከዚያ ጭስና ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩንባ። ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንድ ሐጂ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሱ እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪኖች ነበሯቸው። ባለቤቴ ለእነዚህ ጉልበት እጨምራለሁ ሲላቸው ስቀው፣ «እስቲ የራስህን አሳየኝ። ሰውና እህል ጭና ከሦስተኛ ማርሽ ሳትወርድ ሐረጎን ከወጣች፣ ወላሂ መኪኖቼን ሁሉ አንተ ትሠራቸዋለህ» አሉት። የእኔም ኑሮ እንግዲህ በዚያች መኪና ማርሽ ላይ ተንጠለጠለ።

ጉልበት የሚጨምረውን ዕቃ ከተገጨ የጃፓን መኪና ላይ ነቅለው ከሚሸጡ ሰዎች ኮምቦልቻ አገኘው። በቺንጋ፣ በሞተሩ ቀበቶ፣ እየዞረ አየር በግድ ወደ ሞተር የሚግት ነገር ነው። ስሙ ሱፐርቻርጀር ነው ቢለኝ ምላሴ አልታዘዝ አለኝና ወናፍ አልኩት። ወናፍ ሆኖ ቀረ።

ወናፉን መግጠሙ ቀላል ነበር። ጭንቁ ሞተሩ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ በራሱ ትንፋሽ እንዲኖር ተብሎ ነው የተሠራው፤ ከአቅሙ በላይ አየር ስትግተው ሆዱ ይፈነዳል። በውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የተሠራ ልዩ ፒስተን አለ አሉ። ለእኛ ያለው በየግቢው የወደቀ አሮጌ ሞተር ነው። ከአንድ የተጣለ ሚኒባስ ላይ ወፈር ያለ ቢየላ፣ ያ ፒስተኑን የሚሸከመው የብረት ክንድ፣ አገኘና ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ወስዶ በልኩ አስበጀው። አራቱ ክንዶች ክብደታቸው እኩል ካልሆነ ሞተሩን አንዘፍዝፈው ይጨርሱታል። ሚዛን ከየት ይምጣ? ጎረቤቴ በርበሬ ነጋዴ ናት። የእሷን ሚዛን ተውሰን፣ የከበደውን በሞረድ እየላግን፣ እየመዘንን፣ እያነጠስን ዋልን። «ይቺ መኪና ስትነሳ ጭሷ ሰፈሩን ያስነጥሰዋል» አለችን።

በፒስተኑ ወገብ ዙሪያ የሚገባውን ቀለበት፣ ፋሻውን፣ እኔ ነበርኩ የምሞርደው። ሲግል ስለሚረዝም ጫፎቹ መሃል ሰፋ ያለ ክፍተት ካልተተወለት ይሰበራል። እሱ ትዕግሥት የለውም፤ አንዴ ከገፋ ገፋ ነው። እኔ ደግሞ ለብረት ያለኝ ትዕግሥት ለሰው የለኝም። በሞተሩና በክዳኑ መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከመዳብ ላሜራ ቆርጦ ወፍራም አድርጎ ሠራው፤ ክዳኑ ከፍ ሲል የአየሩ መታመቅ ይቀንሳል፣ የሞተሩም ሆድ አይፈነዳም አለኝ። ቅርጹን ላሜራው ላይ የሳለው በኩሌ ነው። ለዒድ የምኳለው አጥቼ ግቢውን በጩኸት ሞላሁት። «ዓይንሽ ያለ ኩልም ይበቃኛል» አለኝ፣ ቀና ሳይል። ዛሬ እንዲህ ቢለኝ የገበያውን ኩል ሁሉ ገዝቼ አፈስለት ነበር።

ያቺ ሰሞን ከትዳራችን ሁሉ የምወዳት ናት። እጃችን በዘይት ጠቁሮ፣ ምሳችን በርበሬ በርበሬ ሸቶን፣ ሥራው ካልሰመረ እንደሚሄድ እያወቅን እንስቅ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጥተው ዱዓ አደረጉልን፤ «አላህ ያግራው» ሲሉ እኔ ከሁሉም በላይ ጮኼ አሚን አልኩ። ከዚያ ደሴ ዳር ባለው የገራዶ መንገድ ወጥተን ሞከርናት። አቤት! ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። እሱ መሪውን ይዞ እንደ ልጅ እየጮኸ፣ «ሰማሽ? ሰማሽ?» ይለኛል። የምትወዱትን ሰው እንዲያ ሲደሰት አይታችሁ ታውቁ ከሆነ፣ ኋላ የመጣውን ሁሉ ለምን እንደቻልኩት ይገባችኋል።

መኪናዋን ያስተካከላት እንደ ደሴ ልማድ ነበር። ደሴ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ የእኛ አገር መካኒክ ሁሉ ካንዴላው እሳት የሚጭርበትን ጊዜ ቀደም ያደርጋል፣ ቤንዚኑንም ይቀንሳል። እሱን ያስተማሩትም እንዲሁ ናቸው፤ ሌላ ዓይነት አሠራር አለ ብሎ ያሰበም አልነበረም። እንዲሁ እንዳለች ይዘናት ኮምቦልቻ ወረድን።

ሐጂ ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ከእህል ጆንያዎች ጋር ታጭቄ ገባሁ። ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ ገራዶ ላይ ካየነውም ብሳ ተፈተለከች፤ ከባዱንም የጭነት መኪና፣ ሚኒባሱንም አለፈች። ሐጂ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ። እኔ ጆንያውን አቅፌ አይሄድም፣ ይቀራል እላለሁ። ከዚያ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ የሚመስል ድምፅ መጣ። ባለቤቴ በመስተዋቱ አየኝ። እግሩን ከቤንዚኑ ላይ ሲያላላ የመኪናዋ ፍጥነት ወረደ።

«ምነው ልጄ፣ ደከመች እንዴ?» አሉ ሐጂ፣ ማርሹን እያዩ።

«ኧረ አልደከመችም፣ ሐጂ» አለና መልሶ ረገጠ።

ጥቂት ኩርባ ብቻ ነው የሄድነው። ዷ አለና ነጭ ጭስ ሸፈነን። መንገድ ዳር ቆምን። ሐጂ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ፣ አላህ ሌላ ኸይር ያመጣል» አሉና በሚኒባስ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ስለ መኪኖቹም ከዚያ ወዲያ አላነሱም።

ሞተሩ ሲከፈት የአንዱ ፒስተን አናት ቀልጦ ተበስቷል። ቀሪው ሁሉ ደህና ነው። ክንዶቹ አልጎበጡም፣ ፋሻዎቹ አልተሰበሩም፣ መዳቡም አላፈሰሰም። ባለቤቴ አንድ በአንድ እያነሳ አየና፣ «ያጠነከርነው ሁሉ ጠንክሯል» አለኝ። «በደሴ ጋቢ ነው ኮምቦልቻ ያወረድናት።» ታች አየሩ ወፍራም ነው፤ ወናፉ የሚግተው በዚያው ልክ ይበዛል። እሳቱ ቀድሞ፣ ቤንዚኑ አንሶ፣ ቆላው ሞቆ፣ ምን ይቀራል? ማቅለጥ ነው።

«ታዲያ ይስተካከላላ!» አልኩት።

«ሞተሩ ይስተካከላል» አለ። «ሐጂ ግን አይተዋል።»

አልያዝኩትም። አትያዢኝ ብሎኝ ነበርና ቃሌን ጠበቅኩ፤ ይህን ጨዋነቴን እስከ ዛሬ አልወደውም። አሁን ሪያድ የሰው ቤት መኪና ይነዳል። አዲስ መኪና ነው፣ ክዳኑንም አንዴ ከፍቶ እንደማያውቅ ነግሮኛል። ዓርብ ዓርብ ይደውላል። በልተሻል ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ሱቁ እንዴት ነው። እኔም በልቻለሁ፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው። ስልኩ ሲዘጋ ያልተናገርኩት ሁሉ ይመጣብኛል። ሰው ካጠገቡ የሄደበት ያውቀዋል፤ የሚናፍቀው ትልቁ ነገር አይደለም፤ የሸሚዙ መውጣት ነው።

ሞተሩን መልሼ የገጠምኩት ተናድጄ ነው። በእሱም፣ በሐጂም፣ ሞተሩ የተሸፈነበትን ሸራ በበላችው በግም ተናድጄ። ቶርኖ ቤት ያለው ሰው አገዘኝ፤ ከወደቀ ሞተር ደህና ፒስተን አገኘን፤ መዳቡን ደራረብነው። እሳቱን ወደ ኋላ መለስን፣ የቤንዚኑን ቀዳዳ አሰፋን። ማስተካከሉን የጨረስነው ግን ኮምቦልቻ ወርደን፣ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው አየር ነው። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ደግሞ ብትቀልጥ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳያዝን ነው።

የዳገቱ ግርጌ ቆሜ ደወልኩለት። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ? ዛሬ ዓርብ አይደለም።»

«ምንም አልሆንኩም። ዝም ብለህ ስማ።»

ረገጥኩ። እህሉ ከኋላ ተጭኗል። ወናፉ ያፏጫል፤ ማርሹ ሦስተኛ ላይ ነው። ያ ድምፅ መጣ መጣ እያልኩ ጆሮዬ ሊበጠስ ደረሰ። አልመጣም። ኩርባው አለፈ፣ የቆምንበት ቦታም አለፈ። መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል ብዬ ስልኩን ለማየት እንኳ አንገቴን አላዞርኩም። ዳገቱ አልቆ የደሴ ብርድ በመስኮቱ ሲገባ ዳር ይዤ ቆምኩ።

«አለህ?»

«አለሁ» አለ። «ማርሽ አልቀየርሽም።»

«አልቀየርኩም።»

ከዚህ በኋላ «እመጣለሁ» እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት። ለዚህ ነው ብረት ስሞርድ፣ ከበግ ጋር ስጣላ የከረምኩት። ጠበቅኩ። አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት፤ ለመምጣት ፈቃዱ በአሠሪው እጅ እንጂ በእጁ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

«ሆዴ» አለኝ። «ውረጂና ደግመሽ ውጪልኝ።»

«ቤንዚን በነጻ መሰለህ?» አልኩት፣ ለቅሶዬ እንዳይሰማው።

መኪናዋን አዞርኩና ቁልቁል ወረድኩ።