ሃያ ስድስት ሴቶች የገቡበት ክፍል

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ወረድ ብላ የምትኖረው፣ በሐረሪ ወግ «አይ»፣ እናት፣ ተብላ የምትጠራው ሙሒባ ይህን ጥያቄ በክንዷ ለክታዋለች፤ አስር በስምንት። ክፍሉ ድሮ የዚህ እጥፍ ነበር። ባሏ ሲሞት ወንድምየው ድርሻውን ጠየቀና መሀል ላይ ግንብ አቆመ። ትልቁ መደብ ከወገቡ ተቆርጦ ግማሹ ማዶ ቀረ።

ጉዳዩ የከበደው ልጇ ሰልዋ ስትታጭ ነው። የሴቶቹ ማኅበር፣ አፎቻው፣ ሃያ ስድስት አባል አለው። ለሠርግ ሲመጡ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ካልተቀመጡ ለቤቱ እመቤት ነውር ነው። አለቃቸው አይ ዘይቱና ብቅ ብላ ክፍሉን በዓይኗ ለካችው።

«ሙሒባ፣ እዚህ እኔና ዳሌዬ ከገባን ለሌላ ሰው ቦታ የለም። አዳራሽ እንከራይ።»

«እኔ ሙሽራ ሆኜ የገባሁት በዚህ በር ነው። ሰልዋም ሙሽራ ሆና የምትወጣው በዚሁ ነው።»

«ሃያ ስድስት ሴት በየት በኩል? በጣሪያ?»

«አስር ቀን ስጪኝ።»

ዘይቱና ስትሄድ ሙሒባ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ቤቷን እንደ እንግዳ አየችው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሳህንና ሰፌድ ነው። ባዶ ግድግዳ ያላት ሴት ባዶ ጓዳ አላት ይባላልና፣ ከግንቡ ማዶ የነበረውን ዕቃ ሁሉ አንድ ሳታስቀር እዚህ ሰቅላዋለች። ዓይኗ አንዱን ሳህን ሳይጨርስ ሌላው ይጋፋዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ግንብ ስትረግም ኖራ፣ አሁን በራሷ ሳቀች። «ለካ እኔም ሳጣብበው ኖሬያለሁ!»

በማግስቱ ማውረድ ጀመረች። ዘጠኝ ሳህን ብቻ፣ ያውም ከጣሪያው ሥር በአንድ ረድፍ አስቀረች፤ የገባ ሰው ቀና እንዲል። ቁምሳጥኑን ከነሆዱ ወደ ጎረቤት ሰደደችው። ግድግዳውን ኖራ ቀባች። የወለሉን ቀይ አፈር መደቡ ላይም አወጣችው፤ አሁን ወለሉ የት እንዳበቃ፣ መደቡ የት እንደጀመረ አይለይም። በመጨረሻ የልብስ ሰፊውን የሟች ባሏን መስታወት፣ ደንበኛ ልብስ ሲለካ የሚቆምበትን ረጅሙን፣ ከበሩ ፊት ለፊት አቆመችው። የግቢው ሮማን ከነፍሬው ቤት ገባ።

ሰፈሩ ግን ያየው ሳህን ሲወጣ ነው። «ሙሒባ ዕቃዋን ሸጠች» ተባለ። በስድስተኛው ቀን ዘይቱና የራሷን ሳህኖች በነጠላ ሸፍና፣ ጓደኛዋን ከሐሜት ልታድን እያለከለከች መጣች። በሩን አልፋ ሁለት እርምጃ እንደተራመደች ድንገት ቆመች፤ ከፊቷ አንዲት ሴት ሳህን ታቅፋ ትመጣለች።

«እለፊ እህቴ» አለችና ወደ ጎን ሸሸች። ያቺም ሸሸች። «ኧረ እለፊ! ሙሒባ፣ ይቺ ወፍራም ደግሞ የማን ናት?»

ሙሒባ መደቡ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ዘይቱና ቀረብ ብላ አየች፣ መቀነቷን አስተካከለች። «ውሸቷን ነው፣ አታምሪም ያለችሽ» አለች መስታወቱ ውስጥ ላለችው ሴት። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ክፍሉን ቃኘች።

«ግንቡን ገፋሽው እንዴ?»

«አልነካሁትም።»

ክንዱ አልጨመረም። አንድ ሰው ከተወሰነለት በላይ አይሰጠውም ይሆናል። በተወሰነለት ውስጥ ግን ለስንት ሰው ቦታ እንደሚገኝ አስቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው?

በሠርጉ ቀን ሃያ ስድስቱም ገቡ፤ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው፣ ግን ማንም ውጭ አልቀረችም። መስታወቱ ውስጥ ሌላ ሃያ ስድስት ሴቶች ያጨበጭቡ ነበር። ሰልዋ በእልልታ በዚያው በር ወጣች። ሙሽራዋ ሄዳ፣ ጣፋጩ ሙሸበክ ተበልቶ አልቆ፣ ፀሐይዋ ከጁገሉ ግንብ ጀርባ ስትወርድም ዘፈኑ አላባራም። አንዷ እንዲያውም እግሯን ዘርግታ ተጋድማለች።

ሙሒባ ወገቧን ይዛ መሀል ላይ ቆመች።

«በአላህ፣ አሁንስ ወደየቤታችሁ ሂዱልኝ። ጠባብ ቤት ነው፣ ትንሽ ጋደም ልበልበት» ብላ ለመነች።

አንዲትም አልተነሳች።